ወንበሩን ተከተሉ፦ የአሜሪካ የማዕድን ደኅንነት ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን አባላት የሚሾሙበት ሂደት ደረጃ በደረጃ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአሜሪካ የፌዴራል የማዕድን ደኅንነትና ጤና ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን ውስጥ ወንበር ሲለቀቅ አዲሱ አባል ከዕጩነት እስከ ቃለ መሐላ የሚያልፍበትን መንገድ ለመከታተልና ጊዜው ሳያልፍ አስተያየቱን ለማቅረብ ለሚፈልግ አንባቢ ነው። ጉዳዩ ከእኛ ሰው ኑሮ የራቀ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ኮሚሽኑ የተቋቋመበት የፌዴራል የማዕድን ደኅንነትና ጤና ሕግ ማዕድን የሚለው የከሰል ጉድጓድን ብቻ አይደለም። የወርቅና የብር ማውጫ፣ የድንጋይ ካባ፣ የአሸዋና የጠጠር ማምረቻ ሁሉ በዚሁ ሥር የሚወድቅ ሲሆን፣ በማዕድን ቦታ ውስጥ የሚሠራ ሰው የማንም ተቀጣሪ ቢሆን በሕጉ አነጋገር የማዕድን ሠራተኛ ነው። ካባ ውስጥ በየቀኑ እየገባ ጠጠር የሚጭን የከባድ መኪና ሾፌርም በዚህ ሕግ ሊሸፈን ይችላል፤ በዚህ ሥራ ላይ ደግሞ የእኛ ሰዎች አሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ይለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማዕድን ቦታ ሄዶ የሚፈትሸው፣ ጥፋት ሲያገኝ የጥፋት ወረቀት የሚቆርጠውና የገንዘብ ቅጣት እንዲጣል የሚጠይቀው በሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ያለው የማዕድን ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ነው። ኮሚሽኑ አይፈትሽም፣ ደንብም አያወጣም። ባለማዕድኑ ቅጣቱን ሲቃወም፣ ወይም ሠራተኛ «ስለ ደኅንነት ስለ ተናገርኩ ከሥራ ተባረርኩ» ብሎ ሲከስ፣ ክርክሩ መጀመሪያ በኮሚሽኑ የአስተዳደር ሕግ ዳኛ ይታያል፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን ደግሞ ለአምስቱ የኮሚሽኑ አባላት አቤት ይላል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ «ወሳኝ ቦርድ» የሚለውን የሚያውቅ አንባቢ የዚያ ዓይነት ዳኝነት አድርጎ ቢያስበው ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ዳኝነቱ ከቁጥጥሩ የተለየበት ምክንያት በደም የተጻፈ ነው። ኖቬምበር 20 ቀን 1968 በዌስት ቨርጂኒያ፣ ፋርሚንግተን አጠገብ በሚገኝ የከሰል ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 78 ሠራተኞች ካለቁ በኋላ፣ በ1969 የከሰል ማዕድን ጤናና ደኅንነት ሕግ ወጣ። ቁጥጥሩ የተሰጠው ግን ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር፤ ይኸው ሚኒስቴር የማዕድን ምርት እንዲስፋፋ የመሥራት ኃላፊነትም የነበረበት ሲሆን፣ በቅጣቱ ላይ የሚቀርበውንም ይግባኝ የሚሰማው የራሱ ቦርድ ነበር። በ1972 በአይዳሆ በሰንሻይን የብር ማዕድን ውስጥ 91 ሰዎች በእሳትና በጭስ አለቁ። ማርች 9 እና 11 ቀን 1976 ደግሞ በኬንታኪ በስኮሺያ የከሰል ማዕድን ሁለት ፍንዳታዎች ተከታትለው 26 ሰዎች ሞቱ፤ በሁለተኛው ፍንዳታ ከሞቱት 11 ሰዎች ሦስቱ የመጀመሪያውን አደጋ ሊመረምሩ የገቡ የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ኖቬምበር 9 ቀን 1977 የፈረሙት ሕግ ቁጥጥሩን ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር አዛውሮ ዳኝነቱን ከማንኛውም ሚኒስቴር ውጭ ለሆነ አዲስ ኮሚሽን ሰጠ። የሹመቱ ሥርዓት በዚህ ሕግ አንቀጽ 113 ተደንግጓል፤ ከሌላ ከምንም ነገር በፊት ይህን አንቀጽ አንድ ጊዜ ማንበብ ይገባል።

ደረጃ 1፦ ወንበሮቹን በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ

አንድ ወረቀት ወስደው አምስት መስመር ያስምሩ። በየመስመሩ የአባሉን ስም ሳይሆን መጀመሪያ የወንበሩን ማብቂያ ቀን ይጻፉ፤ ስሙን ከአጠገቡ በእርሳስ ያድርጉት። ይህን የምለው የሹመቱ ሥርዓት በሙሉ የተመሠረተው በሰውየው ላይ ሳይሆን በወንበሩ ላይ በመሆኑ ነው፤ ይህን ያልያዘ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ያምታታዋል።

ሕጉ አምስት አባላትና የስድስት ዓመት የሥራ ዘመን ይደነግጋል። የመጀመሪያዎቹ አምስት አባላት ሲሾሙ ግን ሁሉም በአንድ ቀን እንዳይለቁ ሲባል አንዱ ለሁለት ዓመት፣ ሁለቱ ለአራት ዓመት፣ የቀሩት ሁለቱ ለስድስት ዓመት እንዲያገለግሉ ተደርጓል። የወንበሮቹ ዘመን ማብቂያ ኦገስት 30 ስለሆነ ያ የመጀመሪያ ድልድል እስከ ዛሬ እየተሽከረከረ ይመጣል፦ በ2024 የሁለት ወንበሮች ዘመን አበቃ፣ በ2026 የሁለት፣ በ2028 የአንድ፣ በ2030 እንደገና የሁለት ይሆናል። ቀኑን ለማስታወስ ለእኛ ቀላል ነው፤ ኦገስት 30 በእኛ ነሐሴ 24፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕለት ላይ ይውላል።

ሁለት ነገሮችን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያስፍሩ። የመጀመሪያው፣ የዚህ ኮሚሽን አባል ዘመኑ ሲያበቃ ተተኪ ባይገኝም እንኳ መልቀቁ የግድ ነው። በፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ያለ አባል ተተኪው እስኪመጣ በወንበሩ ሊቆይ ይችላል፤ በማዕድኑ ኮሚሽን ግን እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። ሁለተኛው፣ ክፍት የቆየን ወንበር በተጠባባቂ መሙላት አይቻልም፤ የተጠባባቂ ሹመትን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ ብዙ አባላት ባሏቸው በእንዲህ ዓይነት ነጻ ተቋማት አባላት ላይ አይሠራም። ስለዚህ ወንበሩ ባዶ ከሆነ ባዶ ነው።

ባዶ ወንበር ምን እንደሚያመጣ በአንድ ጉዳይ ላይ እንየው። አንድ የካባ ሠራተኛ ፍሬኑ በማይሠራ መኪና አልነዳም በማለቱ ተባረረ እንበል፤ የአስተዳደር ሕግ ዳኛውም በእርሱ ላይ ፈረደበት። ሠራተኛው በ30 ቀናት ውስጥ ለኮሚሽኑ አቤቱታ ያቀርባል፤ አቤቱታው እንዲታይ ግን ቢያንስ የሁለት አባላት ድምፅ ያስፈልጋል። በ40 ቀናት ውስጥ እንዲታይ ካልታዘዘ የዳኛው ውሳኔ የኮሚሽኑ የመጨረሻ ውሳኔ ሆኖ ይጸናል። እንግዲህ አምስቱ ወንበሮች ወደ አንድ ወይም ወደ ዜሮ ሲወርዱ ሠራተኛው ያቀረበው አቤቱታ ጥሩም ይሁን መጥፎ የሚያነበው ሰው የለም ማለት ነው። ሕጉ ኮሚሽኑ ሥልጣኑን ሦስትና ከዚያ በላይ አባላት ላሉት ቡድን እንዲያስተላልፍና ቡድኑም በሁለት አባላት ምልዓተ ጉባኤ እንዲሠራ ስለሚፈቅድ፣ ገጹ ላይ ሦስት ስም መኖር አለመኖሩን ዘወትር መመልከት ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ማን ሊታጭ እንደሚችል ይወቁ

ሕጉ የሚጠይቀው ዕጩው በሥልጠና፣ በትምህርት ወይም በልምድ የኮሚሽኑን ተግባር ለመፈጸም ብቁ እንዲሆን ብቻ ነው። ጠበቃ መሆን አለበት አይልም፤ ከማዕድን ጉድጓድ የመጣ ሰው እንዲኖርም አያስገድድም። ብዙ የፌዴራል ኮሚሽኖች ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ አባላት እንዳይኖሩ የሚከለክል ድንጋጌ ሲኖራቸው፣ በዚህ ሕግ ውስጥ እንዲህ ያለ ገደብ አይገኝም። በኢትዮጵያው ወሳኝ ቦርድ የሠራተኛ ማኅበራትና የአሠሪ ማኅበራት ወኪሎች አሉ፤ በዌስት ቨርጂኒያ ክልላዊ የከሰል ማዕድን ደኅንነት ቦርድ ውስጥም ወንበሮቹ በባለማዕድኖችና በሠራተኞች ወገን እኩል ይከፈላሉ። በፌዴራሉ ኮሚሽን ግን ለማንም ወገን በሕግ የተጠበቀ ወንበር የለም። በእኔ አስተያየት ይህ ክፍተት የሕጉ ደካማ ጎን ነው፤ የኮሚሽኑን ሚዛን በዋይት ሐውስ ለሚቀመጠው ሰው ፈቃድ ትቶታልና።

በተግባር ዕጩዎች ከአራት በር ይመጣሉ፦ ከሠራተኛ ማኅበር ጠበቆች፣ ከባለማዕድኖች ጠበቆች፣ ከሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ ክፍልና ከሴኔት ኮሚቴ ሠራተኞች። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን በ1994 ኮሚሽኑን የተቀላቀሉትና ከዚያ በኋላም በድጋሚ የተሾሙት ሜሪ ሉ ጆርዳን ቀደም ሲል የተባበሩት የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ በ2019 የጸደቁት ማርኮ ራይኮቪች ደግሞ ለረጅም ጊዜ የባለማዕድኖች ጠበቃ ሆነው የሠሩ ናቸው። የዕጩው ስም ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ከየትኛው በር መጣ?» የሚለው ነው፤ መልሱን ማወቅ ሰውየውን ለመውደድ ወይም ለመጥላት አይበቃም፣ ምን መጠየቅ እንዳለበት ለማወቅ ግን ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ከመድረክ በስተጀርባ ያለውን ጊዜ ይታገሡ

ዕጩው ለሕዝብ ከመገለጡ በፊት በዋይት ሐውስ የሹመት ጽሕፈት ቤት ይመረጣል፣ ስታንዳርድ ፎርም 86 ተብሎ የሚታወቀውን የኋላ ታሪክ መጠይቅ ይሞላል፣ በኤፍ ቢ አይ ይጣራል፣ የሀብት መግለጫውንም ለመንግሥት ሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። በዚህ ምዕራፍ ከውጭ ሆኖ የሚታይ ነገር የለም። የሀብት መግለጫውና የሥነ ምግባር ስምምነቱ ግን ስሙ ለሴኔት ከተላከ በኋላ ለሕዝብ ክፍት ስለሚሆኑ፣ ዕጩው የማዕድን ኩባንያ አክሲዮን ካለው ይሸጠው እንደሆነና ከየትኞቹ የቀድሞ ደንበኞቹ ጉዳዮች ራሱን እንደሚያገል ከዚያ ማንበብ ይቻላል።

ደረጃ 4፦ የዕጩነቱን መስመር ቃል በቃል ያንብቡ

ፕሬዚዳንቱ ስም ሲልኩ በኮንግረሱ መዝገብ ላይ አንድ አረፍተ ነገር ይወጣል፤ በኮንግረስ ዶት ገቭ ላይም «ፒኤን» በሚሉ ፊደላትና በቁጥር ይመዘገባል። መስመሩ በአማርኛ ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦

«እገሌ፣ የዌስት ቨርጂኒያ ነዋሪ፣ ኦገስት 30 ቀን 2030 ለሚያበቃ የስድስት ዓመት ዘመን የፌዴራል የማዕድን ደኅንነትና ጤና ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን አባል እንዲሆን፤ በእገሊት ምትክ፣ ዘመኗ ስላበቃ።»

ከዚህ አጭር መስመር አራት ነገሮች ይወጣሉ። ቀኑ የትኛው ወንበር እንደሆነ ይናገራል፤ ወረቀትዎ ላይ ካሉት አምስት መስመሮች ከአንዱ ጋር መግጠም አለበት። «በእገሊት ምትክ» የሚለው የቀድሞውን ባለወንበር ያሳያል። ቀጥሎ ያለው ምክንያት፣ ማለትም ዘመኗ ስላበቃ ወይም ሥራዋን ስለለቀቀች የሚለው፣ ወንበሩ እንዴት ባዶ እንደሆነ ይገልጻል። «የስድስት ዓመት ዘመን» የሚለው ደግሞ ሙሉ ዘመን መሆኑን ያመለክታል፤ የቀድሞው አባል በዘመኑ መካከል ሞቶ፣ ለቅቆ ወይም ተነሥቶ ከሆነ ግን ተተኪው የሚሾመው ለቀሪው ጊዜ ብቻ ስለሆነ መስመሩ «ለቀሪው ዘመን» ይላል። ነባሩ አባል ራሱ ሲታጭ «በድጋሚ ሹመት» የሚል ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ወጥመድ አለ። ስድስት ዓመቱ የሚቆጠረው ሰውየው ቃለ መሐላ ከፈጸመበት ቀን አይደለም። ከላይ ባለው ምሳሌ ወንበሩ ኦገስት 30 ቀን 2024 ተለቅቆ ዕጩው የጸደቀው በፌብሯሪ 2026 መጨረሻ ቢሆን፣ የሚያገለግለው አራት ዓመት ከስድስት ወር ብቻ ነው፤ የተቀረውን ባዶው ወንበር በልቶታል። ጋዜጦች «ለስድስት ዓመት ተሾመ» ብለው ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህንን ነው።

ደረጃ 5፦ ኮሚቴው ዘንድ ሳያልፍ ይጻፉ

ስሙ የሚመራው ወደ ሴኔቱ የጤና፣ የትምህርት፣ የሠራተኛና የጡረታ ጉዳዮች ኮሚቴ ነው። የእንዲህ ዓይነት ኮሚሽን ዕጩዎች ብዙ ጊዜ የካቢኔ ሚኒስትሮች የሚያገኙትን ያህል ትኩረት አያገኙም፤ ከሌሎች ዕጩዎች ጋር በአንድ ጠዋት ሊታለፉም ይችላሉ። በመሆኑም አስተያየት ያለው ሰው ስሙ ለኮሚቴው ከተመራበት ቀን ጀምሮ፣ ኮሚቴው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት መጻፍ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚላክ ደብዳቤ የሚያገኘው ምላሽ ከምስጋና አያልፍም።

ደብዳቤው የሚላከው ለራስዎ ሁለት ሴናተሮችና ለኮሚቴው ነው። በአሌክሳንድሪያ የሚኖር የቨርጂኒያ መራጭ የእኔ ሰፈር የምን ማዕድን አለበት ብሎ መተው የለበትም፤ እርሱን የሚወክሉት ሁለቱ ሴናተሮች በግዛቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያሉትን የከሰል ሠራተኞችም የሚወክሉ ናቸው። ላስ ቬጋስ ያለውም እንዲሁ ነው፤ ኔቫዳ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የላቀ ወርቅ የሚወጣባት ናት። በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ድምፅ የሚሰጥ ሴናተር ስለሌለው በቀጥታ ለኮሚቴው መጻፍ ይኖርበታል፤ ኮሚሽኑ በዚያችው ከተማ መቀመጡ ነገሩን ትንሽ አስቂኝ ያደርገዋል።

ጥሩ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በመጀመሪያው መስመር የዕጩውን ስምና የፒኤን ቁጥሩን ይጻፉ፤ ቁጥሩ ከሌለ የሴናተሩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ደብዳቤውን ከየትኛው ፋይል ጋር እንደሚያያይዘው ለማወቅ ይቸገራል። በሁለተኛው አንቀጽ እርስዎ ማን እንደሆኑና ከማዕድን ሥራ ጋር ያለዎትን ግንኙነት ያስረዱ፤ ካባ ውስጥ የሠሩ ከሆነ የትኛውን ሥራና ለስንት ጊዜ እንደሠሩ መግለጽ ከብዙ ክርክር ይልቅ ይሰማል። ከዚያም ዕጩው እንዲጠየቅ የሚፈልጉትን አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ያቅርቡ። ደግፉ ወይም ተቃወሙ ከማለት ይልቅ «ይህን ጠይቁልን» ማለት የተሻለ ነው የምለው፣ ሴናተሮች ለዕጩው በጽሑፍ ጥያቄ የሚልኩበት አሠራር ስላለና ዕጩውም መልሱን በጽሑፍ መስጠት ስለሚጠበቅበት ነው። ለምሳሌ ስለ ደኅንነት በመናገሩ የተባረረ ሠራተኛ ክርክሩ እስኪያልቅ በጊዜያዊነት ወደ ሥራው እንዲመለስ ሕጉ የሚፈቅደውን እንዴት እንደሚያየው፣ አስተዳደሩና ኩባንያው ቅጣት ቀንሰው ሲስማሙ ስምምነቱን ለማጽደቅ ምን ያህል ማስረጃ እንደሚጠይቅ፣ ከቀድሞ ደንበኞቹ ጉዳይስ ለስንት ጊዜ ራሱን እንደሚያገል መጠየቅ ይቻላል።

ደረጃ 6፦ ምክር ቤቱ ውስጥ ያለውን ይከታተሉ

ኮሚቴው በአብላጫ ድምፅ ካሳለፈው ዕጩው በሴኔቱ የሹመት ሰሌዳ ላይ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ተቃዋሚ ከሌለ ሁሉም በተስማሙበት መንገድ በደቂቃ ያልፋል፤ አንድ ሴናተር እንኳ ከተቃወመ ግን ክርክር የመዝጊያ ድምፅ ያስፈልጋል። ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ ለዚህ ተራ አብላጫ ድምፅ በቂ ነው፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ከመዝጊያው ድምፅ በኋላ ለእንዲህ ዓይነት ሹመቶች የሚፈቀደው ክርክር ሁለት ሰዓት ነው። በሴፕቴምበር 2025 የሴኔቱ አብላጫ ወገን አሠራሩን ለውጦ ከካቢኔ በታች ያሉ ብዙ ዕጩዎች በአንድ ጥቅል ድምፅ እንዲጸድቁ አድርጓል። ስለዚህ የዕጩዎን ስም ለብቻው ሲፈልጉ ካጡት በረጅሙ ጥቅል ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት።

የምክር ቤቱ የሥራ ጊዜ ሲዘጋ ወይም ከ30 ቀናት በላይ ሲበተን ያልጸደቁ ስሞች፣ ምክር ቤቱ በስምምነት ካላቆያቸው በቀር፣ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይመለሳሉ። በመዝገቡ ላይ «ተመለሰ» የሚል ቃል ካዩ ዕጩው ወደቀ ማለት አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ ስሙን እንደገና ሊልኩት ይችላሉ፤ ሲልኩት ግን አዲስ የፒኤን ቁጥር ስለሚያገኝ ደብዳቤዎ በአሮጌው ቁጥር እንዳይቀር ይጠንቀቁ። ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱ በዕረፍት ላይ ሳለ ለጊዜው የሚሾሙበት ሕገ መንግሥታዊ መንገድ አለ፤ ይሁንና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ከ10 ቀናት ያነሰ ዕረፍት በመርህ ደረጃ ለዚህ አይበቃም ካለ ወዲህ መንገዱ እጅግ ጠብቧል።

ደረጃ 7፦ ከጸደቀ በኋላ

ድምፁ ካለፈ በኋላ ፕሬዚዳንቱ የሹመት ደብዳቤውን ይፈርማሉ፤ አባሉ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ሥራውን ይጀምራል። ሊቀመንበሩን ከአባላቱ መካከል የሚሰይሙት ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን ናቸው፤ ለሊቀመንበርነቱ የተለየ የሴኔት ድምፅ አያስፈልግም። በመሆኑም ዋይት ሐውስ ውስጥ ፓርቲ ሲቀየር አባላቱ ሳይለወጡ ሊቀመንበሩ በአንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል። የአስተዳደር ሥራውን የሚመራው ሊቀመንበሩ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አባልን ከወንበሩ ለማንሣት ሕጉ የሚያስቀምጣቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ የሥራ ብቃት ማነስ፣ ግዴታን ችላ ማለት ወይም በሥልጣን መባለግ። እንዲህ ያሉ ገደቦች ፕሬዚዳንቱን ምን ያህል እንደሚያስሩ በ2025 በሌሎች ነጻ ቦርዶች አባላት መነሣት ምክንያት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር ስላለ፣ አንቀጽ 113ን ሲያነቡ ይህ ሐረግ በወረቀት ላይ ከሚታየው ያነሰ ጉልበት ሊኖረው እንደሚችል አስቀድመው ይገንዘቡ።

ቃለ መሐላው መፈጸሙን ሲያረጋግጡ ወደ ወረቀትዎ ይመለሱ። በእርሳስ የተጻፈውን የቀድሞ ስም ደልዘው አዲሱን ይጻፉ፤ ከአጠገቡ ያለውን የማብቂያ ቀን ግን አይንኩት።